ለፍትሕ የሚመክር ሰው የማን መካሪ ነው?

በአሜሪካ አገር በዚህ ዘመን አንድ ልዩ ሥራ ተነሥቷል። ኩባንያ ወይም ትምህርት ቤት ወይም ሆስፒታል ወይም ቤተ ክርስቲያን በውስጡ አድልዎ እንዳለ በተነገረበት ጊዜ፥ ጥቂት ሰዎች ያቆሙትን የምክር ድርጅት ዋጋ ከፍሎ ይጠራል። እነርሱም ገብተው ሠራተኛውን ይጠይቃሉ፥ መዝገቡን ይመረምራሉ፥ ሹማምንቱን ያስተምራሉ፥ በመጨረሻም አሠራራችሁ እንዲህ ይለወጥ ብለው ጽፈው ይሰጣሉ። በግንቦት 2020 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ) ጆርጅ ፍሎይድ የተባለ ጥቁር ሰው በሚኒያፖሊስ ከተማ በፖሊስ ከተገደለ በኋላ ጠሪያቸው እጅግ በዛ። በጥር 2025 ደግሞ የአገሩ መንግሥት እንዲህ ያለው ሥራ ከመሥሪያ ቤቶቹ እንዲወጣ አዘዘ፤ ከኩባንያዎቹም ብዙዎች በዚያን ጊዜ አካባቢ እጃቸውን ሰበሰቡ።

ስለ ትእዛዙ የሚከራከሩ ብዙዎች አሉና እርሱን ለእነርሱ እተወዋለሁ። እኔን የያዘኝ ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ ነው። መካሪውን የሚጠራው የቤቱ አለቃ ነው፤ የሚከፍለውም እርሱ ነው፤ ግፍ የደረሰበት ግን ከታች ያለው ሰው ነው። እንግዲህ መካሪው የማን መካሪ ይባላል? በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ሰሙን ሰምቶ ወርቁን መፈለግ ልማዱ ስለ ሆነ፥ «ፍትሕ» የሚለው ቃል በእነዚህ ሰዎች ማስታወቂያ ላይ ሰም ይሁን ወርቅ ሳይመረምር አያልፍም።

ደመወዝ መቀበላቸውን ነውር አላደርገውም፤ እኛም ከመሠዊያው የምንበላ ነንና በዚህ የምንፈርድ አይደለንም። ነገር ግን ደመወዝ አንደበትን እንዴት እንደሚያለዝብ ከጥንት የታወቀ ነው። ንጉሥ አክዓብ ወደ ጦርነት ለመውጣት ባሰበ ጊዜ 400 ያህል ነቢያት በአንድ ቃል ደስ የሚያሰኘውን ነገሩት፤ የይምላ ልጅ ሚክያስ ብቻውን ያየውን ተናገረና ወደ ግዞት ቤት ተላከ። አክዓብ ምክር ያጣ ሰው አልነበረም፤ ምክር ሞልቶ ተርፎት ነበር።

ዮቶርን ግን እንመልከት። አማቹ ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ለብቻው ተቀምጦ ሲፈርድ ባየ ጊዜ፥ በሺህና በመቶ፥ በአምሳና በዐሥር ላይ አለቆች እንዲሾም መከረው። ምክሩ ስለ አሠራር ነው፤ ስለዚህም የዛሬዎቹ መካሪዎች አባታችን ቢሉት የሚያስነቅፍ አይደለም። እኔ ግን ብዙ ጊዜ ሳይታይ የሚታለፍ አንድ ነገር አገኝበታለሁ። ዮቶር የሚደክመው ሙሴ ብቻ ነው አላለም፤ ተራውን ሲጠብቅ የሚውለውም ሕዝብ እንደሚደክም ጨምሮ ተናገረ። የተቀመጠውን ባለ ሥልጣን ለመርዳት ሲመክር ዓይኑ የቆመውን ሰው አይቶ ነበር። ምክሩንም ከሰጠ በኋላ ወደ አገሩ ሄደ እንጂ በሰፈሩ ሹመት አልጠየቀም።

አሁን የዚህ ሥራ ጥንቱ በአሜሪካ ከየት እንደ ሆነ ብንፈልግ፥ ከመነሻዎቹ አንዱን በ1946 እናገኛለን። ኩርት ሌቪን የሚባል የሥነ ልቡና ሊቅ በትውልዱ አይሁዳዊ ሆኖ በጀርመን አገር ያስተምር ነበር። ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በ1933 ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ እናቱ ግን በናዚዎች እጅ ጠፋች። ስለዚህ የዘርን ጥላቻ ከመጽሐፍ ብቻ ያወቀው አልነበረም። የኮኔክቲከት ግዛት በዘርና በሃይማኖት የሚደረገውን አድልዎ የሚቃወሙ ሰዎች እንዲያሠለጥንለት በጠየቀው ጊዜ፥ በኒው ብሪቴን ከተማ ባለው የመምህራን ኮሌጅ 40 ያህል ሰዎች ተሰበሰቡ፤ የሚበዙት መምህራንና የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ነበሩ።

ሠልጣኞቹ ቀን ቀን በየቡድናቸው ይነጋገራሉ፤ ማታ ማታ ደግሞ መርማሪዎቹ ለብቻቸው ተቀምጠው እገሌ እንዲህ አለ፥ እገሊት እንዲህ አደረገች እያሉ በቀን ያዩትን ያመዛዝኑ ነበር። አንድ ማታ ከሠልጣኞቹ ጥቂቶች መጥተው እኛም እንስማ አሉ። ባልደረቦቹ አመነቱ፤ ሌቪን ግን ፈቀደ። ከመጡትም አንዲት ሴት ስለ እርስዋ የተነገረውን በሰማች ጊዜ ነገሩ እንደዚያ አልነበረም ብላ ተከራከረች። ክርክሩ ከቀኑ ትምህርት ይልቅ የሚያስተምር ሆኖ ስለ ተገኘ በሚቀጥሉት ማታዎች ብዙዎች ይመጡ ጀመር። ሌቪን በየካቲት 1947 ሞተ፤ ባልደረቦቹ ግን በዚያው ዓመት በሜይን ግዛት ቤቴል በምትባል ከተማ ያንን ልማድ የሚያስተምር ጉባኤ አቆሙ። ከዚያ የወጣው ትምህርት በኋላ በየኩባንያው ገብቶ የአሠራር ማቅኛ ጥበብ ሆነ።

በእኔ አስተያየት በኒው ብሪቴን ከሌቪን ዕውቀት የሚበልጠው ያን ማታ የተከፈተው በር ነው። ስለ ሰው የሚነገረው ነገር ሰውየው ባለበት ሲነገር ሌላ መልክ አለው፤ ተናጋሪው ይጠነቀቃል፥ ሰሚው ያርማል። ትምህርቱ ወደ ባለጠጎች ቤት ከገባ በኋላ ግን በሩ ተመልሶ የተዘጋበት ጊዜ ብዙ ነው። መካሪው ከሠራተኛው የሰበሰበውን ቃል ጽፎ ለከፋዩ ያስረክባል፤ ከፋዩም ደስ ያሰኘውን ይገልጣል፥ ያላሰኘውን በመሳቢያ ውስጥ ይቆልፋል። ሦስት ምሁራን በ708 የአሜሪካ ድርጅቶች ላይ ያደረጉትን ምርመራ በ2006 አሳትመው ነበር። ሹማምንትን ከአድልዎ ለማንጻት የሚሰጠው ትምህርት ለሴቶችና ለጥቁሮች የአለቅነትን ደጅ በመክፈት ረገድ ፍሬው እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ተጠያቂነቱ በታወቀ ሹም ወይም በኮሚቴ ላይ በተጣለበት ስፍራ ግን ለውጡ የተሻለ ነበር። ይህ ያስደነቀው ካለ እኔን አላስደነቀኝም። ስብከት ሰምቶ መውጣት ቀላል ነው፤ ስለ ሥራው መጠየቅ ግን ከባድ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ መቃወሚያ ይነሣል። ደካማውን ከጌታው ጋር በአንድ ጉባኤ አስቀምጦ ተናገር ማለት፥ ነገ ከእንጀራው እንዲወጣ ማድረግ አይደለምን? እውነት ነው። በጌታው ፊት የተቀመጠ ሎሌ ራሱን ሲነቀንቅ ብናይ ተስማማ ማለት አንችልም። ስለዚህ መካሪው የተናጋሪውን ስም መሰወሩ የተገባ ነው። ነገር ግን ስምን መሰወር አንድ ነው፥ ነገሩን መሰወር ሌላ ነው። በስውር የተሰበሰበው ቃል በአደባባይ ካልተነበበ፥ መካሪው ሳያውቀው የጌታው ጆሮ ሆኖ ሠርቷል።

ሌላም ጥያቄ አለ፤ መካሪ ምን ያህል ይምከር? በቴኔሲ ግዛት ማይልስ ሆርተን የሚባል ሰው ሃይላንደር የተባለውን ትምህርት ቤት በ1932 ከባልደረባው ጋር አቁሞ ድኾችንና ሠራተኞችን ያስተምር ነበር። እርሱ ራሱ እንደ ተረከው፥ ሥራ ባቆሙ ሠራተኞች ዘንድ ሳለ ከመሪዎቻቸው አንዱ የምናደርገውን ንገረን ብሎ ለመነው፥ እንቢ ባለውም ጊዜ ሽጉጥ መዞበት ካልነገርኸኝ እገድልሃለሁ አለው። ሆርተን ውሳኔው የእናንተ ነው ብሎ ዝም አለ። ይህን ያነበበ ሁሉ አንድ ዓይነት ፍርድ አይፈርድም፤ በጭንቅ ላለ ሰው ምክር መንፈግ ጭካኔ ነው የሚል አይጠፋም። ዮቶርም ምክሩን በግልጥ ተናግሯል እንጂ አልነፈገም። እኔ ግን ሁለቱ የሚጣሉ አይመስለኝም። ዮቶር የመከረው ሥራው በሚከፋፈልበት መንገድ ላይ ነው፤ በሆርተን ፊት የነበረው ጥያቄ ግን ማን ከሥራ ይባረር፥ የማን ልጅ ይራብ የሚል ነው። መከራውን የማይቀበል ሰው ስለ መከራው ሊወስን አይችልም፤ ባለ ሽጉጡም ሊያወርድ የፈለገው ይህንኑ ሸክም ነበር።

ወደዚያ ትምህርት ቤት ከመጡት አንዲቱ ሴፕቲማ ክላርክ ናት። ይህች መምህርት በሳውዝ ካሮላይና ግዛት ማስተማር ከጀመረች 40 ዓመት ሲሆናት፥ በ1956 ከጥቁሮች የመብት ማኅበር አልወጣም ስላለች ከሥራዋ ተባረረች፥ ጡረታዋንም አጣች። የዚያ ግዛት ሕግ መምረጥ የሚወድ ሰው ከሕገ መንግሥቱ አንድ ክፍል እንዲያነብ ያዝ ነበርና፥ በጆንስ ደሴት የሚኖሩት ጥቁሮች ብዙዎቹ ማንበብ ስለማይችሉ ከምርጫ ተከልክለው ይኖሩ ነበር። ኢሳው ጄንኪንስ የሚባል የደሴቲቱ ሰው ሠራተኞችን በአውቶቡስ ወደ ቻርለስተን ሲያመላልስ በመንገድ ያስተምራቸው ጀመር። በኋላም ከሃይላንደር ባገኘው ብድር ቤት ተገዝቶ በፊቱ ሱቅ፥ በጓዳው የማታ ትምህርት ተደረገ፤ ሱቁ ከነጮች ዓይን ይሰውረው ነበር።

በጥር 1957 ለመጀመሪያዎቹ 14 ተማሪዎች አስተማሪ እንድትሆን የተመረጠችው የክላርክ ዘመድ በርኒስ ሮቢንሰን ጠጕር ሠሪና ልብስ ሰፊ ነበረች እንጂ በመምህርነት የሠለጠነች አልነበረችም፤ የተመረጠችውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለሕፃናት የተዘጋጀውን ፊደል ይዛ ገብታ እንደማይሆን ባየች ጊዜ ወደ ጎን ትታ፥ ምን ልትማሩ ትወዳላችሁ ብላ ጠየቀች። ስማቸውን መጻፍ፥ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ፥ በፖስታ ዕቃ ለማዘዝ የሚሞላውን ወረቀት መሙላት ወደዱ፤ እርስዋም ከዚያ ጀመረች።

በ1961 የቴኔሲ መንግሥት ትምህርት ቤቱን ዘግቶ ንብረቱን ወሰደ። የማታው ትምህርት ግን በዚያው ዓመት ማርቲን ሉተር ኪንግ ወደሚመራው ማኅበር ተላልፎ በደቡብ ግዛቶች ይስፋፋ ነበር፤ የሚያስተምሩትም በየመንደሩ የተገኙ ገበሬዎችና የቤት እመቤቶች ነበሩ።