ያልተደመጠች ሚስት

በአገራችን ዘመናዊ የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. ከመቶ 6 ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. 35 ደረሱ። ሆኖም በዚያው ዓመት ከመቶ 22ቱ መውለድን ማራቅ ወይም ማቆም እየፈለጉ ምንም መንገድ አልያዙም ነበር። የጤና ጣቢያ ርቀት፣ የጎንዮሽ ጉዳት ፍርሃት፣ የጎረቤት ሐሜትና የባል ቁጣ እንቅፋት እንደሚሆኑ እናውቃለን። ለምእመናኖቻችን ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይጨመራል።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1968 ዓ.ም. «ሁማኔ ቪቴ» በተሰኘው መልእክታቸው ሰው ሠራሽ መከላከያን አልተቀበሉም፤ በበቂ ምክንያት የተፈጥሮን ጊዜ መጠበቅን ግን ፈቀዱ። በዚያው መልእክት፣ የትዳር ጓደኛን ሁኔታና ተገቢ ፍላጎት ሳያገናዝብ የሚጫን ግንኙነት እውነተኛ የፍቅር ሥራ እንዳልሆነ አስተምረዋል።

ይህን ሁለተኛውን ቃል ስንቱ ባል ሰምቶታል? የተፈጥሮው መንገድ ያለ ባል ትዕግሥት አይጸናም። እንግዲህ «ሃይማኖታችን ይከለክላል» ብሎ ክኒኑን የሚጥል፣ መታቀብንም እምቢ የሚል ባል የሚጠብቀው ሕጉን ሳይሆን የገዛ ፈቃዱን ነው። እኛም ሸክሙን በሴቲቱ ጫንቃ ላይ ብቻ ጭነን ስለ ሕይወት ክብር ብንሰብክ፣ ቃላችን ከንቱ እንዳይሆን እንሰጋለን። አስቀድመን እርሷን እናድምጥ።