ያለ ጉዳይ ብስክሌት መንዳት

ወገን በሚራብበት ዘመን በአምስተርዳም መንደር ውስጥ ያለ ጉዳይ ብስክሌት መንዳት ይገባልን? ከመካከላችን ይህን ጥያቄ በልቡ ያላነሣ ጥቂት ነው። ሆላንድ በነዳጅ እጥረት ምክንያት ጥቅምት 25 ቀን 1966 ዓ.ም. እሑድ መኪና እንዳይነዳ ስታግድ፣ ሕዝቡ ብስክሌቱን ይዞ ባዶው አውራ ጎዳና ላይ ወጣ። በዚያው ወራት ወሎ በረሃብ ያልቅ ነበር። ሁለቱን ባንድነት ስናስብ ፔዳሉ ይከብደናል።

ይሁን እንጂ ሐቁን እንናገር። ረሃቡን የደበቀው የዘመኑ መንግሥት እንጂ ብስክሌት ነጂው አልነበረም፤ እኛም ቤት ዘግተን ብንቆዝም የሚጠግብ የለም። የሚያስፈራን ሌላ ነገር ነው። ወደ ትምህርትና ወደ ሥራ ስንነዳ መንገዱ መተላለፊያ ብቻ ነው። መድረሻ ሳይኖረን በውኃው ቦይ ዳር ቀስ ብለን ስንዞር ግን የትኛው ደጃፍ ጽጌረዳ እንዳለው፣ የትኛው ድልድይ ጉልበት እንደሚጠይቅ እናውቃለን፤ በመስኮት የሚቀመጡት አሮጊትም እጃቸውን ያነሡልናል። በልጅነታችን አዲስ አበባ ላይ ብስክሌት ለግማሽ ሰዓት ተከራይተን ሰፈራችንን ያወቅነው እንዲሁ ነበር (ሰዓቱ ሲያልፍ የአከራዩ ጩኸት ከሩቅ ይሰማ ነበር!)። ታዲያ ይህንንም «ሰፈራችን» ካልነው፣ ለመመለስ ብለን ሳንፈታ ያቆየነው ጓዝ ምን ሊሆን ነው?

እኛ እንደሚመስለን፣ የሚኖርበትን መንገድ ላለማየት የሚምል ሰው ለአገሩ ታማኝ አልሆነም፤ ከሁለቱም ስፍራ ጠፋ እንጂ። ይህን ማለት ግን ከመኖር ይቀላል። ባለፈው እሑድ አንድ መንገደኛ አቁሞ አቅጣጫ ጠየቀን። ሳናመነታ አሳየነው፤ ከዚያም ጥቂት መንገድ ሳንነጋገር ነዳን።