ባልንጀራን መውደድና የሕግ ትእዛዝ

ባልንጀራን መውደድ ከኦሪት ሕግ ጋራ እንዴት እንደሚስማማ ብዙ ሰው ይጠይቃል። አንዳንዱ ፍቅር ካለ ሕግ ምን ይሠራል ይላል፤ ሌላው ደግሞ ሕጉን በፊደሉ ከጠበቀ ባልንጀራውን የወደደ ይመስለዋል። ይህን ነገር በክርክር አደባባይ ሳይሆን በየቤታችን ውስጥ ብንመረምረው ይሻላል።

በአዲስ አበባ ደቡብ፥ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፥ ሀይሌ ጋርመንት በሚባለው ሰፈር እሑድ ጧት ቆመህ ብትመለከት፥ ነጠላ ያጣፋው ወደ ቤተ ክርስቲያን፥ መጽሐፍ ቅዱስ የያዘውም ወደ ጸሎት ቤት ሲሄድ ታያለህ። ከአንዳንዱ ቤት ግን አንዲት ልጅ ወጥ ልትሠራ፥ ልብስ ልታጥብ፥ ሕፃን ልትጠብቅ ቀርታለች። እመቤቲቱን ስለ እርስዋ ብትጠይቃት፥ «እንደ ልጃችን ነው የምናያት» ትልሃለች። ሐሰት አትናገርም፤ በእውነት ትወዳታለች። ነገር ግን ልጅቱ የምታርፍበት ቀን የትኛው ነው? ደመወዝዋስ «ይቀመጥልሽ» እየተባለ ስንት ወር አለፈው?

እንግዲህ ሕግ የሚያስፈልገው በዚህ ስፍራ ነው። ባልንጀራን እንደ ራስ የመውደድ ትእዛዝ በዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቍጥር 18 ተጽፎአል። ከርሱ አምስት ቍጥር ብቻ ከፍ ብሎ፥ የሠራተኛ ዋጋ በአሠሪው ዘንድ እንዳያድር የሚከለክል ትእዛዝ አለ። በዚያው ምዕራፍ ለድኻ ስለሚቀር ቃርሚያ፥ ስለ እውነተኛ ሚዛንም ተነግሮአል። ፍቅር የታዘዘው በደመወዝ፥ በእህልና በሚዛን መካከል ነው ማለት ነው።

ሰንበትም እንደዚሁ ነው። ዘዳግም ምዕራፍ 5 ወንድና ሴት አገልጋይን ለይቶ ይጠራል፤ ምክንያቱም እንደ ጌታቸው እንዲያርፉ ነው። ስለ ሰንበት እንደኛ የተከራከረ ሕዝብ ጥቂት ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት አባ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜ እንደ እሑድ እንድትከበር አስተምረው፥ ከአገራቸው ወጥተው በአርማንያ ዐረፉ፤ ደቀ መዛሙርታቸውም ብዙ መከራ ተቀበሉ። በኋላ በ1450 በፈረንጅ አቈጣጠር፥ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ በሰበሰቡት ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። ስለ ቀኑ ይህን ያህል የደከምን ሰዎች፥ ቀኑ ለማን እንደ ተሰጠ መርሳት አይገባንም ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቍጥር 1156 ለሠራተኛ በሳምንት ከ24 ሰዓት የማያንስ ዕረፍት ያዛል፤ የቤት ሠራተኛን ግን ከጥላው በታች አላስገባትም። ኦሪት ለይታ የጠራቻትን ዐዋጁ ተዋት።

ጳውሎስ በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 13 ፍቅር የሕግ ፍጻሜ እንደ ሆነ አስተምሮ የለምን? ትለኝ ይሆናል። አዎን፤ ነገር ግን በዚያው ስፍራ ስለ ግድያ፥ ስለ ስርቆት፥ ስለ ምኞት የተሰጡትን ትእዛዛት አንድ በአንድ ይቈጥራል። ፍቅር የሚፈጽማቸው ነው እንጂ የሚሽራቸው አይደለም። በኢየሩሳሌም ጉባኤ የግዝረት ሸክም ከአሕዛብ ላይ ወረደ፤ የሠራተኛ ዋጋ ግን ከማንም ላይ አልወረደም፤ የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 የአጫጆችን ዋጋ ያስቀሩትን ባለጠጎች እንዴት እንደሚገሥጽ ተመልከት።

ሕግም ያለ ፍቅር ዕውር ነው። 18 ዓመት የጐበጠችው ሴት በሰንበት ስትፈወስ የምኵራቡ አለቃ ተቈጣ፤ በሬውንና አህያውን ግን በዚያው ቀን ፈትቶ ውኃ ማጠጣት ለማንም ነውር አልነበረም።

አንድ የሚከብድ ነገር ይቀራል። አሠሪይቱ ብዙ ጊዜ ባለጠጋ አይደለችም፤ ምናልባት ራስዋ ሳምንቱን ሙሉ በፋብሪካ ልብስ ስትሰፋ ትከርማለች፥ የቤት ኪራይም አለባት፤ የምታርፈውም እሑድ ብቻ ነው። ሁለት የደከሙ ሴቶች በአንዲት ቀን ላይ ተገናኙ። እኔም ይህን ነገር ቀላል ነው አልልም። ደመወዝ መጨመር ባትችል ግን፥ የተዋዋሉትን በቀኑ በእጅዋ ልትሰጣት ይቻላታል። የእሑድን ወጥ ቅዳሜ ማታ አብረው ሠርተው ቢያሳድሩ፥ ልጅዋንም ያን ቀን ራስዋ ብትይዝ፥ ልጅቱ ትወጣለች። ወደ ዘመድ ይሁን፥ ወደ ትምህርት ይሁን፥ ወይም እስኪበቃት መተኛት ይሁን ምኞትዋ፥ እስከ ዛሬ የጠየቃት ከሌለ መጀመሪያ እርስዋን መጠየቅ ነው።