አስታማሚና ነርስ

ደመወዝ ተቀብሎ ሕመምተኛ የሚጠብቅ ሰውና በፍቅር የሚያስታምም ዘመድ ባንድ አልጋ አጠገብ ሲገናኙ፥ ሕመምተኛው የማን ነው? ጥያቄው ቀላል መስሎ ይታያል እንጂ ጥልቅ ምርመራ ያሻዋል።

ባማርኛ አስታማሚ የሚባለው ዘመድ ነው። የቃሉ ሥር ሕመም ነውና፥ ስሙ ከታመመው ጋራ አብሮ የሚታመመውን ሰው ያሳስባል። ነርስ የሚለው ቃል ግን ከሙያው ጋራ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ከ1928 ዓ.ም. በኋላ በስደት ሳሉ ይህን ሙያ በሎንዶን የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው በ1934 ዓ.ም. በለቀምት ዐረፉ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ የገረድ ሥራ ይመስል የነበረውን ሙያ መማራቸው ክብሩን ገልጧል። ለሰሜኑም አገር በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነርሶችን እያሠለጠነ ወደ ገጠር እንዲወጡ አድርጓል።

እንግዲህ ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች ያለች አንዲት ባልቴት በዐቢይ ጾም ታማ፥ አራት ጐበዛዝት በቃሬዛ ተሸክመው ደባርቅ አደረሷት እንበል። ነርሱ ሁሉንም ከደጅ መልሶ፥ የባልቴቲቱን ነገር በራሷ ላይ ተሻግሮ ለበኵር ልጇ ይነግረዋል። መድኃኒቱን ጧት ማታ ዋጪ ይላታል። እርስዋ ግን ጾሟን እንዳትሽር ፈርታ የጧቱን ክኒን ከትራስ ሥር ትሸሽጋለች። ነርሱም «እንቢተኛ ናት» ብሎ ይጽፋል። ይህ ሰው መድኃኒቱን ያውቃል፤ ሕመምተኛዪቱን ግን አላወቃትም። «እናቴ፥ ምን ያስጨንቅዎታል?» ብሎ ቢጠይቃት ኖሮ፥ ልጅዋ የንስሓ አባቷን በጠራ ነበር፤ ፍትሐ ነገሥትም የታመመን ከጾም ነጻ ያደርጋልና ነገሩ ባንድ ቃል በተፈጸመ ነበር።

ነገር ግን ዘመድ ሁልጊዜ ትክክል ነው ማለት አይደለም። አንዳንዱ ለሕመምተኛው አዝኖ ደዌውን ይሸሽገዋል፤ ሌላው ሳይጠይቀው ይፈርድለታል፤ ሌላውም ጠበል ይበቃል ብሎ መድኃኒቱን ያስተዋል። ቤተ ክርስቲያን ግን እንዲህ አታስተምርም፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. መድኃኒትና ጠበል አብረው ቢወሰዱ ኃጢአት እንዳልሆነ ተናግረዋል። ስለዚህ ነርስ ዘመድን የሚያባርር እንዳይሆን፥ ለዘመድም ፈቃድ ሁሉ የሚገዛ እንዳይሆን ያስፈልጋል።

ሥርዓቱን ወንጌል ያሳየናል። አራት ሰዎች ጣራ ነድለው ሽባውን ባወረዱት ጊዜ፥ ጌታ የተሸካሚዎቹን እምነት ተመልክቷል፤ እንግዲህ የተሸካሚ ድካም ከፈውሱ ውጭ አይቈጠርም። ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛውን መጻጉዕን ግን ለመዳን ይፈቅድ እንደ ሆነ ራሱን ጠየቀው። ሰው የሌለው እንኳ ከተጠየቀ፥ ዘመድ የከበበው እንዴት ሳይጠየቅ ይቀራል?

ገንዘብ መቀበልስ ፍቅርን ያጠፋልን? ደጉ ሳምራዊ ቁስለኛውን ካነሣ በኋላ ለእንግዳ ቤት ጠባቂው ሁለት ዲናር ሰጥቶ፥ እንዲጠብቀው አዘዘው። ሳምራዊው መንገደኛ ነበረ፤ ከርሱ በኋላ ቁስሉን የሚያጥብና ሌሊቱን የሚነቃ ያ ደመወዘኛ ነው። ዲናሩ የድካሙ ዋጋ ነው፤ ሰውዬው ግን አደራ ነው። ባገራችን ደግሞ አደራ የበላ ከሌባ ይልቅ ይነወራል፤ ሌባ ሳይታመን ወስዷልና።

እንግዲህ ሕመምተኛው የነርሱም የዘመዱም ንብረት አይደለም፤ ለሁለቱም የተሰጠ አደራ ነው። የነርስ ማዕርግ በነጭ ልብሱ ሳይሆን በዚህ ይታወቃል፦ አስቀድሞ ሕመምተኛውን ይጠይቃል፤ ተሸካሚዎቹን ያከብራል፤ ቀጥሎም ዕውቀቱ የሚያዝዘውን ማንንም ሳይፈራ ያደርጋል። ካህንም በበኩሉ እስኪጠራ አይጠብቅ፤ ከአልጋው አጠገብ ተገኝቶ ስለ ጾሙ የሚገባውን ቃል ይናገር። ሕዝባችን ሴቲቱን ነርስ «ሲስተር» ብሎ ይጠራታል፤ ትርጓሜው እኅት ማለት ነው። እኅት ብሎ የጠራት ወገን ከደጅ ሊመለስ አይገባውም፤ እኅት የተባለችውም እንደ ባዕድ ልትታይ አይገባትም።