የመስታወት ጠረጴዛና የመታመን ልክ

የመስታወት ጠረጴዛ ምን ያህል ክብደት ያለ ስጋት ይሸከማል የሚለው ጥያቄ፣ ሰው ያላየውን ነገር በምን መሠረት ሊያምን ይገባል የሚል የፍልስፍና ጥያቄም ያዘለ ነው። መስታወት እንደ ብረት አስቀድሞ በመጉበጥ አያስጠነቅቅም፤ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ግሪፊዝ በ1921 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ጥንካሬውን የሚወስኑት በዓይን የማይታዩ ስንጥቆች ናቸው፤ እነዚህም በጭነትና በአየር እርጥበት ቀስ እያሉ ስለሚያድጉ፣ ትናንት መሸከሙ ለዛሬ ዋስትና አይሆንም። ቴምፐርድ የሚባለው፣ ማለትም ከ600 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሞቆ በአየር በፍጥነት የቀዘቀዘው መስታወት፣ ከተራው አራት እጥፍ ያህል ቢጠነክርም፣ ጠርዙ በኃይል ሲመታ ባንዴ ሊረግፍ ይችላል።

ለሁሉም ጠረጴዛ የሚሠራ አንድ ቁጥር የለም፤ የመስታወቱ ውፍረትና የእግሮቹ ርቀት ልኩን ይለውጡታል፤ ተዘርግቶ የተቀመጠ መዝገብና ክብደቱን በአራት ትናንሽ የጎማ እግሮች ላይ የሚያሳርፍ ማተሚያ ማሽንም እኩል ቢመዝኑ እንኳ እኩል አይጫኑትም።

የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን በሚገኝባት ዱከም፣ ዕቃ የሚሠራውና የሚገለገልበት ሰው ሳይተዋወቁ በሚኖሩበት የፋብሪካ ከተማ፣ ጉዳዩ የሥነ ምግባር ይሆናል። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 ቁጥር 8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ማንም ከጣሪያው ወድቆ የደም ዕዳ እንዳያመጣበት፣ ዙሪያውን መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ ኃላፊነቱን ከአደጋው በፊት በሠሪው ላይ ይጥላል ማለት ነው። በመሆኑም የደኅንነት ህዳግ፣ ማለትም በሚሰብረውና በሚፈቀደው ጭነት መካከል ሆን ተብሎ የሚተው ልዩነት፣ ለማይታወቅ ባልንጀራ የሚከፈል ዕዳ ነው።