ተራራ የመውጣት ምኞት

በሐሙሲት ያደገ ወጣት ጉማራ ከሚመነጭበት ከጉና ተራራ አልፎ፣ 8849 ሜትር ከፍታ ያለውን ኤቨረስትን ለመውጣት ቢመኝ ትዕቢት ነውን? ምኞትን ሁሉ ትዕቢት የሚሉ ሰባክያን አሉ፤ እኔ አልስማማም። ጌታችንም ለመጸለይ ወደ ተራራ ይወጣ ነበር። ምኞቱ የሚመዘነው በመንገድ ላይ ነው።

በግንቦት 1998 ዓ.ም. ከኤቨረስት ጫፍ በታች አንድ እንግሊዛዊ ሲያጣጥር፣ 40 ያህል ሰዎች በአጠገቡ እንዳለፉ ተነግሯል። የሞተ መስሎአቸው ያለፉም ነበሩ። በ1945 ዓ.ም. ከቴንዚንግ ኖርጌይ ጋር ጫፉን በመጀመሪያ የረገጡት ኤድመንድ ሂላሪ ድርጊቱን በብርቱ ነቀፉ። በዚያው ወር ዳን ማዙርና ሦስት ባልንጀሮቹ፣ ሞቷል ተብሎ የተተወ አንድ አውስትራሊያዊ አገኙ። ለጫፉ የቀራቸው የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነበር። ጉዞአቸውን ትተው ከሰውየው ጋር ቆዩ። እርሱ ዳነ፤ እነርሱ ግን ከጫፉ ሳይደርሱ ወረዱ።