«በራሴ ተነሣሁ» ማለት ይቻላልን?

ውድ ወጣቶች፣ በዚህ ዘመን በወጣቶች ኅብረት ውስጥ «ወደፊት ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ከሐኪምና ከመሐንዲስ ቀጥሎ በፊት ብዙ ያልተለመዱ መልሶች ትሰማላችሁ። አንዱ የጂም አሰልጣኝ፣ ሌላዋ የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ ሦስተኛው ፊዚዮቴራፒስት መሆን ይፈልጋሉ። ብዙዎቹ ወደዚህ ሐሳብ የመጡት በራሳቸው ትግል በኩል ነው። ውፍረቷ ሰው ፊት እንዳትቆም ያደርጋት የነበረች፣ ጫትና ሲጋራ ያደከመው፣ ከአደጋ በኋላ መራመድን እንደ ሕፃን እንደገና የተማረ፣ በጭንቀት ምክንያት ጠዋት ከአልጋ መነሣት ያቃታት፣ እነዚህ ሁሉ እንቅስቃሴ ጀመሩ፤ ተሻላቸውም። «እኔን የረዳኝ ሌላውንም ይርዳ» ብለው ሙያ ሊያደርጉት ተነሡ።

መልካም ሐሳብ ነው። ነገር ግን በዚህ መንገድ መግቢያ ላይ ሳንመልሰው ማለፍ የሌለብን ጥያቄ አለ። ከትግል የወጣ ሰው ያገኘው ብርታት የማን ነው? «ማንም ሳይረዳኝ፣ በራሴ ተነሣሁ» ሊል ይችላልን? ጥያቄው የትሕትና አነጋገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የምትሰጡት መልስ ነገ በእጃችሁ ለሚገባው ደካማ ሰው ምን ዓይነት ባለሙያ እንደምትሆኑ ይወስናል።

አስቀድመን አንድ እንቅፋት እናንሣ። አንዳንዶቻችን ስለ ሰውነት መናገር ከመንፈሳዊነት የሚያርቅ ይመስለናል። ለዚህ አንዱ ምክንያት ቃሉ ራሱ ነው። በቀድሞው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በገላትያ 5 ላይ ከመንፈስ ጋር የሚዋጋው «ሥጋ» ተብሏል፤ በ1ኛ ቆሮንቶስ 6፥19 ላይ የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ የሆነውም «ሥጋ» ተብሏል። በግሪክኛው ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የመጀመሪያው «ሳርክስ» ሲሆን በዚያ ክፍል ለእግዚአብሔር የማይገዛውን የሰው ምኞት ያመለክታል። ሁለተኛው «ሶማ» ነው፤ ይህ የምንራመድበት፣ የምንሠራበት፣ የምንሰግድበት ሰውነት ነው። የመጀመሪያውን እንድንሰቅለው፣ በሁለተኛው እግዚአብሔርን እንድናከብርበት ታዘናል። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የሰውነት ልምምድ ጥቅሙ ጥቂት እንደሆነ ተናግሯል (1 ጢሞ 4፥8)። ጥቂት ማለት ግን ምንም ማለት አይደለም። እንግዲያው ሙያው የተከበረ ነው፤ የሚቀረው በምን ልብ እንደሚሠራ መጠየቅ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። «በራሴ ተነሣሁ» ሊሉ ይችሉ ነበር ከሚባሉ ሰዎች አንዷ አሜሪካዊቷ ሯጭ ዊልማ ሩዶልፍ ናት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940 በቴነሲ ግዛት፣ ከድሃ ጥቁር ቤተሰብ ተወለደች። አባቷ በሁለት ትዳር ከወለዷቸው 22 ልጆች 20ኛዋ ነበረች። ያለጊዜዋ የተወለደች ደካማ ሕፃን ነበረች፤ የሳንባ ምች ያዛት፤ ቀጥሎም ልምሻ መታት። ግራ እግሯ ታጠፈ፤ ለዓመታት የብረት ድጋፍ አስራ ኖረች። ይህች ልጅ በ1960 በሮም ኦሎምፒክ በ100 ሜትር፣ በ200 ሜትርና በ4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብል ሦስት ወርቅ አገኘች። በአንድ ኦሎምፒክ በአትሌቲክስ ሦስት ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሴት ሆነች።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ «ቆራጥ ሰው የማይወጣው ተራራ የለም» ብለን አጨብጭበን እንሄዳለን። ነገር ግን በብረቱ ድጋፍና በወርቁ መካከል ያለውን እንመልከት። በሚኖሩበት ከተማ ለጥቁሮች የነበረው ሕክምና እጅግ ውስን ስለነበር፣ እናቷ በየሳምንቱ በአውቶቡስ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ወዳለው ናሽቪል ይወስዷት ነበር። ጥቁሮች አውቶቡስ ውስጥ ከኋላ እንዲቀመጡ በሚገደዱበት ዘመን፣ በሰው ቤት ሠራተኛ የነበሩ እናት ይህን መንገድ ደጋግመው ተመላለሱ። ቤት ሲመለሱ ደግሞ ወንድሞቿና እህቶቿ ተራ ገብተው እግሯን በቀን አራት ጊዜ ያሹላት ነበር። በኋላም ኤድ ቴምፕል የተባሉ አሰልጣኝ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች ተቀብለው አሠለጠኗት። በሮም ዱላውን የተቀባበሏት ሦስት ሴቶች ሁሉ በዚያው ኮሌጅ አብረዋት የሠለጠኑ ነበሩ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። የዚያ እግር ብርታት የማን ነው? ማንም ሰው ስለ እርሷ ሊሮጥላት አልቻለም፤ ይህ እውነት ነው። ያለእነዚያ እጆች ግን የሚሮጥ እግር አይኖርም ነበር። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ይህን አይተው ነው።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ላይ ያለውን ሽባ ሰው አስታውሱ። ራሱን ችሎ ወደ ጌታ ሊመጣ አልቻለም፤ አራት ሰዎች ተሸከሙት። ሕዝቡ ቢያግዳቸው ጣራ አፈረሱ። ወንጌላዊው ጌታ ያየው የእነርሱን እምነት እንደነበረ ጽፏል። ሰውዬው ከተፈወሰ በኋላ ጌታ አልጋውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ እንዲሄድ አዘዘው። በመንገድ ያገኘው ሰው ሁሉ በትከሻው ላይ ያለውን ያያል፤ ያ አልጋ ትናንት እርሱ ራሱ በሌሎች ትከሻ የመጣበት ነው። እንዲህ ያለውን ሸክም ይዞ «በራሴ ተነሣሁ» ማለት ያስቸግራል።

አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ የእኔ ጥረት ዋጋ የለውም ማለት ነው? በንጋት የተነሣሁት፣ ከጓደኞቼ የተለየሁት፣ ወድቄ እንደገና የጀመርኩት እኔ አይደለሁም?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በቀላሉ መታለፍም የለበትም። ገላትያ 6 ላይ ሁለት ትእዛዛት በአንድ ገጽ ተቀምጠዋል። በቁጥር 2 አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም ይናገራል፤ በቁጥር 5 ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን ሸክም እንደሚሸከም ይናገራል። እርስ በርስ የሚጣሉ ይመስላሉ፤ ግን ሁለቱም እውነት ናቸው። ማንም ስለ እናንተ ጫቱን ሊተውላችሁ አይችልም። ይህ የራሳችሁ ሸክም ነው፤ ልትሸከሙትም ይገባል። ለመተው የሚያስፈልገውን ተስፋ፣ በወደቃችሁ ቀን ስልክ የደወለላችሁን ወንድም፣ ሌሊት ተነሥተው የጸለዩ እናትን ግን አልፈጠራችኋቸውም፤ ተቀበላችኋቸው። ጥረታችሁ የተቀበላችሁትን ስጦታ በታማኝነት መጠቀም ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚከብድ ጥያቄ አለ። ያልተነሡትስ? በምስክርነት ጊዜ «ታምሜ ነበር፤ አሁን ብርቱ ነኝ» የሚለው ሲጨበጨብለት፣ ከኋላ ወንበር ላይ ጸልዮ፣ ታክሞ፣ ታግሎ ያልተሻለው ሰው ተቀምጧል። ብርታት የቆራጥነትና የእምነት ደመወዝ ብቻ ከሆነ፣ ያ ሰው ወይ ሰነፍ ነው ወይ እምነት የለውም ማለታችን ነው። በአፋችን ባንለውም ይሰማዋል።

ለዚህ መልስ ከዚያው ከሮም ኦሎምፒክ ሌላ ሰው እንጥራ፤ የእኛኑ አበበ ቢቂላን። ዊልማ ባሸነፈችበት በዚያው ጊዜ እርሱ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ፤ በ1964 በቶኪዮ ደገመው። በ1969 ግን የመኪና አደጋ ደርሶበት ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። የእርሷ ታሪክ ከብረት ድጋፍ ወደ ሮም ነበር፤ የእርሱ ከሮም ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ሆነ። ቆራጥነት አነሰው እንል ይሆን? በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር የሮጠን ሰው እንዲህ የሚል አይገኝም።

አበበ ለሕክምና ወደ እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ። በዚያ ሉድቪግ ጉትማን የተባሉ ሐኪም የጀመሩት ሥራ ነበር። ጉትማን አይሁዳዊ ነበሩ፤ በ1939 ከናዚ ጀርመን ሸሽተው እንግሊዝ ገቡ። በዚያ ዘመን አከርካሪው የተጎዳ ሰው ብዙም ተስፋ የሌለው፣ አልጋ ላይ ሞቱን የሚጠብቅ ተደርጎ ይታይ ነበር። ስደተኛው ሐኪም ግን በሽተኞቻቸውን ከአልጋ አስነሥተው ስፖርት አስጀመሯቸው፤ በ1948 በሆስፒታሉ ግቢ ውድድር አዘጋጁላቸው። የዛሬው ፓራሊምፒክ ሥሩ ይህ ነው። አበበም በዚያ ቀስት መወርወርን ተለማምዶ በተሽከርካሪ ወንበር ተወዳደረ። እግሩ አልተመለሰም፤ በ1973 በ41 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ አልተራመደም። ጳውሎስም ሦስት ጊዜ ለምኖ መውጊያው አልተነሣለትም፤ ጸጋ ግን ተሰጠው (2 ቆሮ 12፥7-9)። መነሣት ማለት ሁልጊዜ በእግር መቆም አይደለም ማለት ነው።

እንግዲህ በዚህ ሙያ ልትሠማሩ የምታስቡ፣ ሦስት ነገር ልብ በሉ።

የመጀመሪያው እውነት ነው። «በአንድ ወር ሰውነትህን እለውጣለሁ» ማለት ደንበኛ ያመጣል፤ ግን ውሸት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ይህም በሳምንት 5 ቀን ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ነው፤ የጂም ክፍያ አይጠይቅም። ይህን ለደንበኛው የሚነግር አሰልጣኝ ገንዘብ ሊያጣ ይችላል፤ ታማኝነቱ ግን እዚያ ላይ ይታያል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰዱ ጡንቻ ማሳበጫ ስቴሮይዶች ልብንና ጉበትን እንደሚጎዱ፣ ወንድንም መካን ሊያደርጉ እንደሚችሉ እያወቁ ዝም ማለትም ያው ውሸት ነው።

ሁለተኛው የምናይበት ዓይን ነው። «በራሴ ተነሣሁ» የሚል ሰው ደካማውን ሲያይ «ስለሰነፈ ነው» ይላል። ተሸክመውት የመጣ ሰው ግን ይጠይቃል። ውፍረቷ ከምትወስደው መድኃኒት የመጣ ይሆን? ድካሙ የስኳር በሽታ ምልክት ይሆን? ዝምታዋ ከድብርት ይሆን? ከአቅሙ በላይ ሲሆንም ወደ ሐኪም ይልካል። ስድብና ማሳፈር ሰውን ለሳምንት ሊያሮጡት ይችላሉ፤ አያድኑትም።

ሦስተኛው ዕድሜ ነው። የዛሬ ጡንቻችሁ የሥራችሁ ማስታወቂያ ቢሆንም ይረግፋል። ዊልማም ያረፈችው በ54 ዓመቷ ነው። ሩጫ ካቆመች በኋላ ግን መምህርት ሆነች፤ ሯጮችን አሠለጠነች፤ በ1981 ለወጣት ስፖርተኞች የሚሠራ ድርጅት አቋቋመች። የታሸ እግሯ ለሌሎች እግር ሠራ። ጳውሎስም የተጽናናንበት መጽናናት በመከራ ላሉት እንድናደርሰው እንደተሰጠን ጽፏል (2 ቆሮ 1፥4)።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከትግል የወጣችሁበትን ታሪክ ስትናገሩ የተሸከሟችሁን ሰዎች አትዝለሏቸው። ያለፋችሁበትን መከራ ሙያ አድርጉት፤ ክብር ግን አታድርጉት። በዱላ ቅብብል ዱላውን ጨብጦ የሚቆም ሯጭ፣ ምንም ፈጣን ቢሆን፣ ቡድኑን ያስወጣል። እናንተም ተቀብላችኋልና አሳልፉ። ጌታ ይርዳችሁ።

ለኅብረት ውይይት፦
1. ዛሬ ያላችሁበት እንድትደርሱ የተሸከሟችሁ «አራት ሰዎች» እነማን ናቸው? አመስግናችኋቸዋል?
2. በኅብረታችን የምስክርነት ጊዜ ገና ያልተነሡትን የሚያሳዝነው እንዴት ያለ አነጋገር ነው? እንዴትስ እናርመው?
3. ገላትያ 6፥2ን እና 6፥5ን አብራችሁ አንብቡ። የራሳችሁ ሸክም የቱ ነው? የሌላውስ የቱ ነው?